ከመኪና መስኮት የታየ ድንጋይ

ውድ ጌድዮን፣

‹‹ውድ›› ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግበት። ጤንነትህንም አልጠይቅም። በቅርቡ በቴሌቪዥን ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ስታወራ አይቼሃለሁ። ጉንጭህ ሞልቷል፣ ክራባትህ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል፣ ደህና ነህ።

የምጽፍልህ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ ካለው የአረጋውያን ቤት ግቢ ነው። የተቀመጥኩት በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ከፊቴ ሥራ የፈታ የቁፋሮ ማሽን አለ። ሥራ ያስፈታው ድንጋይ አይደለም፤ ብልሽትም አይደለም። አንተ ነህ፤ በአንድ ገጽ ወረቀት፣ ጫማህን ሳታቆሽሽ።

የምትፈርምባቸው ወረቀቶች ብዙ ስለሆኑ የትኛው እንደሆነ ላይገባህ ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ ተማሪ እንደሚነገር ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ። ይህን ቤት የሚያስተዳድሩት ወይዘሮ አሳየች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያንህ ሰው ስለሆኑ ታውቃቸዋለህ። የቧንቧ ውሃ ወደዚህ ከፍታ የሚወጣው ሲያሰኘው ብቻ ነው። የውሃ ቦቴ በበጋ እያቃሰተ ይደርሳል፣ ዝናብ ሲጥል ግን ከታች ካለው መታጠፊያ አያልፍም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ቤቱ ከክረምቱ በፊት የራሱ ውሃ ካላገኘ ይዘጋል ብሏል። ሲዘጋ አረጋውያኑ ይበተናሉ፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመድ፣ የሌለው ቦታ ወደተገኘበት። አንድ ለጋሽ ድርጅት ጉድጓድ ለማስቆፈር የተስማማው ለዚህ ነው። አንተንም አማካሪ አድርጎ የቀጠረህ ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ከሰማንያ ሜትር ጥቂት እንዳለፈ መጣህና ‹‹ባለ ትላልቅ ክሪስታል መሠረት አለት ላይ ስለተደረሰ ከዚህ በታች ውሃ አይጠበቅም፤ ቁፋሮው ይቋረጥ›› ብለህ ጻፍክ። ድርጅቱም አመነህ።

ማሽኑ እስከ ዛሬ እዚህ የቆየው የተከራከረልን ሰው ስላለ አይደለም። የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው ከባድ መኪና ቁልቁል መውረድ አይችልም፤ ሌላ ምክንያት የለም። መንገዱ ሲደርቅ ማሽኑ ይሄዳል፣ ቤቱም ይዘጋል።

ጉዳዩ ይህ ነው። አሁን ስለ ድንጋዩ እናውራ፤ ወይም እኔ ላውራ፣ አንተ እንደ ልማድህ ራስህን ነቅንቅ።

የመጣህ ቀን እኔ አልነበርኩም። የሰማሁት ከወይዘሮ አሳየችና ከቁፋሮው ኃላፊ ከነጅመዲን ነው። ሁለቱ በሌላ ነገር ሁሉ ይጨቃጨቃሉ፣ በዚህ ግን ቃል በቃል ይስማማሉ። ነጭ መኪናህ በሩ ላይ ቆመ። መስኮቱ እስከ ግማሽ ወረደ። ነጅመዲን ‹‹ዶክተር፣ ከጉድጓዱ የወጣው ፍርፋሪ በየሜትሩ ሸራ ላይ ተደርድሯል፣ ይውረዱና ይዩት›› አለህ። አንተ ጭቃውን አየህ፣ ቀጥለህ ጫማህን አየህ።

‹‹አሁን ከደረሳችሁበት ትንሽ አምጡልኝ፤ ኢናፍ ነው›› አልክ።

ያመጡልህ ወይዘሮ አሳየች ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በቦቲ ጫማ ጭቃውን እየረገጡ፣ የሻይ ትሪ ላይ የድንጋይ ፍርፋሪ ይዘው እንደ አስተናጋጅ መስኮትህ ሥር ቆሙ። አንተ ሁለት ጣትህን ሰደህ አንዲት ስባሪ አነሳህና ወደ ፀሐይ አዞርካት።

‹‹ኦልሬዲ ቤዝመንት፣ መሠረት አለቱ ውስጥ ገብታችኋል። ክሪስታሉ አይታያችሁም እንዴ? ወለጋ እንዲህ ያለውን ስናገኝ ማሽን እናነሳለን።››

‹‹ታዲያ ውሃ የለም ማለት ነው፣ ዶክተር?››

‹‹እትዬ አሳየች፣ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል።››

ጌታ ሌላ በር ይከፍታል ብለህ የራስህን የመኪና በር ሳትከፍት ሄድክ። ነጅመዲን ይህን ሲያወራልኝ መጨረሻ ላይ ‹‹ጋሼ፣ ሞተሩን እኮ አላጠፋም›› ብሎ ጨመረልኝ።

ስህተትህን በደንብ ልለይልህ። ደደብ ብዬ ማለፍ ቀላል ነበር፣ ግን ትክክል አይሆንም። ደደብ አይደለህም፤ ሰነፍ ነህ። ወለጋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የውሃ ጉድጓድ ስታስቆፍር ኖረሃል። እዚያ ከአፈሩ ሥር የምታገኘው ጥንታዊው ግራናይት ነው። ክሪስታሉ በዓይን ይታያል፣ ስንጥቅ ከሌለው ውሃ የለውም፣ ማሽን ይነሳል። ልክ ነው። እዚያ ትልቅ ክሪስታል ታየ ማለት ሥራ አለቀ፣ ምሳ እንብላ ማለት ነው። ያንን ልማድ በሻንጣህ ይዘህ እንጦጦ ሥር መጣህ። እንጦጦ ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። የወለጋው ዓይነት መሠረት አለት እዚህ የሚገኘው ከላቫ በታች፣ ከላቫውም ሥር ካለው ደለል በታች፣ ማንም የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ በማይደርስበት ጥልቀት ነው። በሰማንያ ሜትር አገኘሁት ማለት ሾላ ገበያ ውስጥ ዓሣ ነባሪ አየሁ ማለት ነው። በዚህ የሚሳሳት ሰው ድንጋይ የማያውቅ ሰው አይደለም። አንድ ዓይነት ድንጋይ አውቆ ሌላውን ለማየት የሰነፈ ሰው ነው።

ወይዘሮ አሳየች የደወሉልኝ በዚያው ቀን ነው። አላለቀሱም፤ ተቆጥተው ነበር።

‹‹ገመዳ፣ ያ ጓደኛህ መጥቶ ድንጋዩን አይቶ ሄደ። አንተ ደግሞ ናና እየው፤ እሱ ያየው አልመሰለኝም።››

ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣሁ። ሸራው አጠገብ በርከክ አልኩ፣ አንድ ስባሪ አንስቼ ላስኩት። ከቁፋሮ ሠራተኞቹ መሀል ሳቅ ፈነዳ።

‹‹ጋሼ፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው እንዴ የመጡት?››

‹‹አሞሌ ጨው መስሏቸው ነው፣ ተዉአቸው›› አለ ነጅመዲን።

‹‹ድንጋይ ሲረጥብ ነው ክሪስታሉ የሚታየው›› አልኩት።

‹‹እሱማ ገባኝ። ግን እዚያ ባልዲ ውስጥ ውሃ አለ እኮ፣ ጋሼ።››

ከበስተኋላዬ ወይዘሮ አሳየች ጣልቃ ገቡ። ‹‹በዚህ ቤት ውሃ ለድንጋይ አይባክንም። ይላሰው!››

ስለ መላስ ካነሳን አይቀር፣ በመጀመሪያ ዓመት የመስክ ጉዟችን መምህራችን እያንዳንዳችንን ድንጋይ አስልሶን ነበር። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ጣትህን በምራቅህ አረጠብክና ድንጋዩን ቀባኸው። አይቼሃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሙያውን የተጸየፈ ሰው በሙያው ሩቅ አይሄድም ብዬ ነበር። ይኸው በነጭ መኪና ሄድክ።

ሸራው ላይ ያየሁትን ልንገርህ። ከላይኛው የላቫ ቆዳ የወጣው ፍርፋሪ እንደ ዱቄት የላመ ነው። በአየር አረፋ የተበሳሳ ነው፣ በማጉያ መነጽር እንኳ ክሪስታል አይታይበትም። ወረድ ሲል ጤፍ የሚያህሉ ነጫጭ ክሪስታሎች ብቅ ብቅ ይላሉ። እየወረደ ሲሄድ ጤፉ ሰሊጥ ይሆናል። መስኮትህ ላይ የቀረበልህ ይህ ሰሊጡ ነው። ነገር ግን ወረቀትህ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ እስኪደርሰው ነጅመዲን ቁፋሮውን አላቆመም ነበር። ከሰሊጡ በታች ጥቂት ሜትሮች ሄዷል። የእነዚያ ሜትሮች ፍርፋሪ ሸራው ጫፍ ላይ ተደርድሮ የሚያየው ሰው አጥቶ ነበር። አየሁት። ሰሊጡ ያንሳል፣ እንደገና ያንሳል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተመልሶ ጤፍ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያንተን ሳየው እንቅፋት ሳይሆን አይቀርም። የቀለጠ አለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ነገር ተንቀሳቅሶ ቀድሞ ከተጀመረው ክሪስታል ጋር ለመገናኘት ጊዜ ያገኛል፤ ክሪስታሎቹ ጥቂት ይሆናሉ፣ ግን ያድጋሉ። ድንገት ሲቀዘቅዝ ሁሉም በቆመበት ይደርቃል። ክሪስታሉ ስፍር ቁጥር የለውም፣ አንዱም ግን አላደገም። ከዚያም በላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ክሪስታል የሚባል ነገር ሳይኖር መስታወት ይሆናል። ወፍራም ላቫ አናቱ በአየርና በዝናብ፣ ሥሩ በተኛበት ቀዝቃዛ መሬት ይመታል፤ መሀሉ ግን የራሱን ቆዳ ብርድ ልብስ አድርጎ ለረጅም ዓመታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ዳርና ዳሩ ደቃቅ፣ መሀሉ ትልቅ ነው። አናቱ ከሥሩ ይበልጥ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ትልቁ ክሪስታል የሚገኘው ልክ መሀል ላይ ሳይሆን ከመሀል ዝቅ ብሎ ነው። አንተ ሰሊጡን ስታይ ማዘን አልነበረብህም፤ ከግማሹ በላይ አልፈናልና በርቱ ማለት ነበረብህ። ከሰሊጥ ወደ ጤፍ ሲመለስ ደግሞ የላቫው ወለል ቀርቧል።

ላቫ ሲፈስ ሸለቆ ነው የሚሞላው። ሸለቆ ደግሞ ወንዝ ነበረው። ወንዙ ቢቀበርም ጠጠሩ እዚያው ነው። ከእንጦጦ ላይ የሚሰርገው ዝናብ የሚጠራቀምበት ቦታ ካለ፣ ከላቫው ወለል በታች ያ ጠጠር ነው። አንተ ማሽኑን ያስቆምከው በሩ ላይ አድርሰህ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህን የምታውቀው መሆኑ ነው። ያወቅከው ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም፣ እህቴ ቤት ነው። እትዬ ጂቱን ታስታውሳታለህ አይደል? ሾላ ገበያ ቅቤ ነጋዴ የነበረችው ታላቅ እህቴ፣ አንተ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሳይኖርህ ስትመጣ ዩኒቨርሲቲ እስክንጨርስ ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ያቀረበችህ። አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን አንዲት ደንበኛ የቅቤ ቆርቆሮ ይዛ እየጮኸች ገባች።

‹‹ይሄ ንጥር ስብ ተቀላቅሎበታል! ባለፈው የሸጥሽልኝ ፍሬ ፍሬ ነበር፣ ይሄ እንደ ሻማ ነው!››

‹‹የኔ እመቤት፣ ቅቤው አንድ ነው›› አለቻት ጂቱ። ‹‹ያኛው ከምድጃው ጎን ትኩስ አመድ ላይ ሲያንቀላፋ ነው የበረደው። ይሄኛውን ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው ብለሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነከርሽኝ። የተቸኮለበት ቅቤ ፍሬ አያወጣም።››

‹‹አታታልይኝ!››

‹‹ውሰጂና አቅልጠሽ ቀስ ብለሽ አብርጂው። ፍሬ ካላወጣ ብርሽን ተቀበዪኝ፣ ቆርቆሮውንም ጭምር።››

ሴትየዋ ለብርዋ አልተመለሰችም። እኔ ያን ዕለት ‹‹ግራናይትና የእሳተ ገሞራ መስታወት ይኸው ናቸው፤ አንድ ዓይነት ቅልጥ፣ የተለያየ አበራረድ›› አልኩህ። የአንተ እጅ ሰሃኑ ውስጥ ነበር። የሰማኸኝ አልመሰለኝም። ፈተናው ሲመጣ ግን የጂቱን ቅቤ ጻፍከው። መምህራችን ወረቀትህን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦ ‹‹ይህ ልጅ ያስተውላል›› አለ። አንገትህን ደፍተህ ፈገግ አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል ያላየኸውን ነገር እንዳየህ አድርገህ መናገር የጀመርከው።

ምሳሌዬን ስለሰረቅክ አይደለም የምንቅህ። ሰርቀህ እንኳ ስላልያዝከው ነው።

ለማንኛውም፣ ፍርፋሪውን ካየሁ በኋላ ደወልኩልህ። ይህን እንኳ ታስታውሳለህ ብዬ እገምታለሁ።

‹‹ገሜ! ስንት ዘመን! ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ በአጭሩ።››

‹‹የየካው ጉድጓድ። ክሪስታሉ ወደ ታች እያነሰ ነው። መሠረት አለት አይደለም፣ የወፍራም ላቫ መሀል ነው።››

‹‹ብራዘር፣ ሪፖርቱ ወጥቷል እኮ።››

‹‹አርመው።››

‹‹አንተ ዛሬም ያው ነህ። ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ገሜ፣ ልቀቀው። ለጋሾች ፊት ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ብናገር ማን ያምነኛል?››

ድንጋይ ድንጋይ ነው! ሐኪም ‹‹በሽታ በሽታ ነው›› ቢልህ ልጅህን ይዘህ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ይህን ያለው ሰው ድንጋይ አይቶ እንጀራ የሚበላ፣ በድንጋይ ዶክተር የተባለ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳኝክ ቆየሁ። ከላስኩት ድንጋይ ሁሉ እሱ ይመርራል።

ወደ ለጋሹ ድርጅት ቢሮም ሄጃለሁ። አንዲት ትሁት ልጅ ተቀበለችኝ፤ ቁጭ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ‹‹እኛ መቀበል የምንችለው ከአማካሪያችን የመጣ ሲሆን ነው። ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?›› አለችኝ። ያላግባብ የተጠየቅኩ ሆኖ አልተሰማኝም። ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ጡረታውን ሳይጠብቅ የወጣ፣ ዶክትሬትም ማኅተምም የሌለው ሰው ነኝ። ማኅተሙ ያለው አንተ ጋ ነው።

አሁን ልጽፈው ወደማልፈልገው ክፍል ደረስኩ።

እትዬ ጂቱ እዚህ ቤት ናት። እኔ አላመጣኋትም፤ ራሷ መርጣ ነው። አእምሮዋ መርሳት ጀምሯል። ጠዋት የሆነው ከሰዓት ይጠፋባታል። ክፍል የምትጋራት እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ጂቱ ታያለች፣ ያየችውን ግን ትረሳለች። ደብሪቱ አያዩም፣ የሰሙትን ግን አይረሱም። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ደብሪቱ የካ ሚካኤልን መሳለም ይፈልጋሉ። ጂቱ ጴንጤ ናት፤ ቢሆንም ክንዳቸውን ይዛ ትወስዳቸዋለች። ‹‹እዚህ ጋ ወደ ግራ ነው›› ይላሉ የማያዩት። ‹‹ጉድጓድ አለ፣ እግርዎን ያንሱ›› ትላለች የምትረሳዋ። ደብሪቱ ወደ ቅጥሩ ሲገቡ ጂቱ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ማንን እንደምትጠብቅ ትረሳዋለች፣ ግን አትነሳም።

ቤቱ ሲዘጋ ደብሪቱን የወንድማቸው ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳቸዋል። ጂቱ ደግሞ ወደ እኔ፣ አያት፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ሞክረነዋል፤ ክፍላቸው ቀለም ሲቀባ ለጥቂት ቀናት እኔ ጋ ነበረች። ቁም ሳጥን እየከፈተች ፈለገች። አልጋ ሥር አየች። ደረጃው ላይ ጎረቤት እያስቆመች ‹‹አንዲት ሴትዮ አላያችሁም?›› ትላለች።

‹‹ማንን፣ እማማ?››

‹‹ስሟ ጠፋኝ።››

ትናንት ክፍላቸው ገባሁ። እጄ በድንጋይ አቧራ ነጭ ነበር። ጂቱ አየችኝና ዱቄት ፈጪ መስዬያት ሳቀች። ቀጥላ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዞረች።

‹‹ያ የሚጮኸው ነገር ምነው ዝም አለ?››

‹‹ድንጋይ ገጥሞት ቆመ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ጂቱ›› አሉ ደብሪቱ።

‹‹ማን አቆመው?››

‹‹የገመዳ ጓደኛ ነው አሉ። ዶክተሩ፣ ጌድዮን።››

የእህቴ ፊት ሲበራ ብታይ! ትናንት የሆነውን የማታውቅ ሴት፣ አንተን አወቀችህ።

‹‹ያ ቀጭኑ? ጌድዮንዬ? በላ?››

‹‹በልቷል እትዬ›› አልኳት። ‹‹አሁንም እየበላ ነው።››

እትዬ ደብሪቱ ከት ብለው ሳቁ። አንተን አያውቁህም፣ የእኔን ድምፅ ግን ያውቃሉ። ጂቱ አልሳቀችም። ‹‹ጥሩ፣ ጥሩ›› አለች፤ ከልቧ ደስ ብሏት።

ስለዚህ የምፈልገውን ልንገርህ። ይቅርታ አልፈልግም፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልህ ወይዘሮ አሳየች ከእሱ ጋር ሁለት ወረቀት ይዘዋል።

አንደኛው በአንተ ስም ለድርጅቱ የተጻፈ ነው። ተጨማሪ ናሙና መርምሬ የደረስንበት የወፍራም ላቫ ውስጠኛ ክፍል መሆኑን አረጋግጫለሁ፣ ቁፋሮው እስከ ላቫው ወለልና ከእሱ በታች ይቀጥል ይላል። ድርጅቱ እንዳይጠራጠር አጻጻፉን ያንተ አድርጌዋለሁ፤ ‹‹ሁለንተናዊ›› እና ‹‹ዘላቂ›› የሚሉትን ቃላት ሁለት ሁለት ጊዜ አስገብቼልሃለሁ። የእኔ ስም አንድም ቦታ የለም። ናሙናውን ያየኸው አንተ፣ የጠረጠርከው አንተ፣ በራስህ ሪፖርት ላይ የተነሳኸው ታላቅ ባለሙያ አንተ ነህ። ውሃ ከወጣ ሪባኑን ቁረጥ። በቴሌቪዥን ቀርበህ ስለ ትዕግሥትና ስለ ክሪስታል አስተምር። እኔ አልመጣም፣ አልጽፍም፣ ቡና ቤት ተቀምጬም አላወራም። አንተ ትጠራጠራለህ፤ እኔ ግን ቃል ስሰጥ ሰምተኸኝ አታውቅምና ይህን የመጀመሪያው አድርገው።

ሁለተኛው ወረቀት በእኔ ስም ነው። ውሃ እንዳለ አልምልልህም። ላቫው በቅርብ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ክሪስታሉ ነግሮኛል። ከሥሩ ያለው ጠጠር ውሃ የያዘ ይሁን ደረቅ፣ ወይም በጭቃ የተደፈነ፣ ቆፍሮ ያላየ ሰው አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚልህ ካለ የሙያ ባልደረባህ ነው። ደረቅ ከሆነ ይህንን አውጣ። ቁፋሮው የቀጠለው ገመዳ በሚባል ሰው ግፊት ነው፣ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል ይላል። ፈርሜበታለሁ። በደረቅ ጉድጓድ ላይ ስምህ አይጠራም።

ይህን የመሰለ ወረቀት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ያስጸይፈኛል፤ አሁን ደግሞ አንተ ያላየኸውን እንዳየህ አድርጌ ጻፍኩልህ። እጄ እንቢ እያለ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ግን እኔ ትክክል መሆኔ ውሃ አይቀዳም። ለደብሪቱ ዓይን፣ ለጂቱ ማስታወሻ አይሆንም። አንተ ግን በአንዲት ፊርማ ሁለቱን ሳይለያዩ ልታቆያቸው ትችላለህ። እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳንተ ባለ ሰው እጅ ላይ መውደቁ፣ ከሁሉም በላይ የምንቀው ይህንን ነው።

ወይዘሮ አሳየች ከትከሻዬ በላይ ቆመው ሲያነቡ ቆይተዋል።

‹‹ገመዳ፣ ሰው እየለመኑ ይሰድባሉ እንዴ? ትንሽ ቀንስለት።››

‹‹ቀንሼ ነው፣ እትዬ።››

‹‹ካልፈረመስ?››

የማስፈራራህ ነገር የለኝም፤ አልከስህም፣ የሚሰማኝ ባለሥልጣን አላውቅም። ካልፈረምክ ማሽኑ ይወርዳል፣ ሁለት አሮጊቶች በሁለት መኪና ይሄዳሉ፣ አንተም ከምሳህ አትጎድልም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ወጥታለች። ነጅመዲን በጎማዎቹ ዙሪያ እየዞረ መሬቱን በእግሩ ይሞክራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ‹‹ጋሼ፣ ወረቀት አምጡልኝ እንጂ እኔ እስከ ወዲያኛው ዓለም እቆፍርልዎታለሁ›› ብሎኛል።

ወይዘሮ አሳየች ቢሮህ ሲገቡ ወንበር ብትስብላቸውም አይቀመጡም፤ ሻይ ብታዝላቸውም አይጠጡም። የመጡት ወረቀቱን ይዘው ለመመለስ ነው፤ ታክሲው ታች እየጠበቃቸው ነው። እስክሪብቶ አጣሁ እንዳትል እሱንም ልኬያለሁ።

መልስህን ሳይሆን ፊርማህን የሚጠብቅ፣

ገመዳ